2,147,483,647ን ለምን እወደዋለሁ

እስቲ ይህን ቁጥር እዩት፦ 2,147,483,647። ሁለት ቢሊዮን ከምናምን ነው። የስልክ ወይም የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሊመስል ይችላል። አብዛኛው ሰው አይቶ ያልፈዋል። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ግን ከሩቅ ያውቀዋል። ሪፖርት ላይ ድንገት ብቅ ካለ “እዚህ ጋ አንድ ነገር ሞልቷል” ይላል። የሒሳብ ሰው ካያችሁ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይነግራችኋል።

እኔ እንጀራዬ ሶፍትዌር ነው። ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበትን የቤተ ክርስቲያን ስሌት፣ ደግሞ በልጅነቴ ከአጎቴ ተምሬያለሁ። አጎቴ መሪጌታ ናቸው። ሁለቱ ትምህርቶች ለረጅም ጊዜ በጭንቅላቴ ውስጥ ለየብቻ ነበር የሚኖሩት። አንዱ የቢሮ ነው፣ ሌላው የቤተ ክርስቲያን። ሁለቱን ያገናኘልኝ ይህ ቁጥር ነው። ዛሬ ስለ እሱ ልጻፍ።

ከአሠራሩ እንጀምር። 1ን ያዙና እጥፍ አድርጉት፣ 2 ይሆናል። እንደገና እጥፍ አድርጉት፣ 4። ከዚያ 8፣ 16፣ 32 እያላችሁ ቀጥሉ። 31 ጊዜ ስታጥፉት 2,147,483,648 ላይ ትደርሳላችሁ። ከዚህ ላይ አንድ ቀንሱ። በቃ፣ ቁጥራችን ይኸው ነው። የሒሳብ ሰዎች ባጭሩ 2³¹ − 1 ብለው ይጽፉታል።

ኮምፒውተር የሚያውቀው ዜሮንና አንድን ብቻ ነው። በኮምፒውተር አጻጻፍ ይህ ቁጥር 31 አንዶች በሰልፍ የቆሙበት ነው። አንድም ዜሮ የለበትም። የቁጥሩ ዕድል ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ቅርጽ ነው ብዬ አምናለሁ። ሒሳቡም፣ ለኮምፒውተሮቻችን ያመጣው ጣጣም ከዚሁ ነው የሚጀምሩት።

መጀመሪያ ሒሳቡን። 2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ትምህርት ቤት ፕራይም ነምበር ያልነው። ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር የለም። ይህን መናገር ቀላል ነው። ማረጋገጡ ነው ከባዱ።

የ2 እጥፎች ላይ አንድ ሲቀነስ የሚመጡት ቁጥሮች ከጥንት ጀምሮ ሰዎችን ሲያጓጉ ኖረዋል። 3፣ 7፣ 31 እና 127 ብቸኛ ናቸው። 2¹¹ − 1 ላይ ግን ነገሩ ይበላሻል። እሱ 2,047 ነው፣ ማለትም 23 ሲባዛ በ89። ጣሊያናዊው ካታልዲ እ.ኤ.አ. በ1603 ባሳተመው ሥራው 2¹⁷ − 1 እና 2¹⁹ − 1 ብቸኛ መሆናቸውን በትክክል አሳየ። ከዚያ አልፎ በ23፣ በ29፣ በ31 እና በ37 የሚመጡትም እንደዚያው ናቸው አለ። ከአራቱ ትክክል የሆነው የ31ዱ ብቻ ነው። 2²³ − 1ን 47 ያካፍለዋል። 2²⁹ − 1 ደግሞ 233፣ 1,103 እና 2,089 ሲባዙ የሚገኝ ነው። ፈረንሳዊው መነኩሴ መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 የራሱን ዝርዝር አወጣ። 31ን አስገባ፣ ልክ ነበር። 67ንና 257ንም አስገባ፣ እነሱ ግን ስህተት ነበሩ። በዚያ ዘመን ቁጥሩ እንዲህ ሲያድግ ማጣራት ስለማይቻል ብዙው ነገር ግምት ነበር።

ግምቱን ወደ እውቀት የለወጠው ኦይለር ነው። ሊዮናርድ ኦይለር በ1707 ባዝል፣ ስዊዘርላንድ ተወለደ። አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በፒተርስበርግና በበርሊን ነው። ቀኝ ዓይኑን ያጣው ገና በወጣትነቱ ነው። በ1766 ወደ ፒተርስበርግ ሲመለስ የግራ ዓይኑም በሞራ ተጋረደ። በ1771 በከተማዋ በተነሳ እሳት ቤቱ ተቃጠለ። ይህ ሁሉ ወርዶበት እንኳ ሥራ አላቆመም። ሐሳቡን በቃሉ እያስጻፈ ቀጠለ። በ1772 ለሒሳብ ሊቁ ለበርኑሊ በላከው ደብዳቤ 2³¹ − 1 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን አስታወቀ። በዚያን ጊዜ ይህን ያህል ትልቅ ብቸኛ ቁጥር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ታዲያ እንዴት አወቀ? ካልኩሌተር የለ፣ ኮምፒውተር የለ፣ ዓይን እንኳ የለ።

ግልጹ መንገድ መሞከር ነው። በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7 እያሉ ማካፈል። እስከ መጨረሻው መሄድ አያስፈልግም። ቁጥራችን አካፋይ ካለው ቢያንስ አንዱ ከ46,341 ያንሳል፣ ምክንያቱም 46,341 በራሱ ሲባዛ ቁጥራችንን ያልፋል። ከዚያ በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 4,792 ናቸው። ስለዚህ 4,792 ጊዜ ማካፈል ነው። ይህ ለማንም ሰው ከባድ ነው፣ ላላየ ሰው ደግሞ ይብሳል።

ኦይለር ያደረገው ግን ሌላ ነው። ከማካፈሉ በፊት ተጠርጣሪዎቹን አጣራ።

እዚህ ላይ የአጎቴን ትምህርት ማስገባት አለብኝ። ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው የኦይለርን ዘዴ ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። ባሕረ ሐሳብ ውስጥ ዋናው ሥራ መግደፍ ነው፣ ማለትም አካፍሎ ቀሪውን መያዝ። ዓመተ ዓለሙን ትይዛላችሁ፣ በ19 ትገድፋላችሁ፣ ትርፉን ትወስዳላችሁ። ከትርፉ አንድ ስትቀንሱ ወንበር ይሆናል። ወንበሩን በ11 አባዝታችሁ በ30 ስትገድፉ አበቅቴ ይወጣል። በ19 አባዝታችሁ በ30 ስትገድፉ መጥቅዕ ይወጣል። ስንት ጊዜ ደረሰ የሚለውን ማንም አይጠይቅም። የሚፈለገው የተረፈው ነው። አጎቴ “ድርሻውን ተወው፣ ትርፉን ያዝ” ይሉኝ ነበር። ኦይለርም የሠራው በትርፍ ነው።

እንዲህ ነው። አንድ ብቸኛ ቁጥር 2³¹ − 1ን ያለ ቀሪ ያካፍላል እንበል። “ተጠርጣሪው” እንበለው። ያ ማለት 2³¹ በተጠርጣሪው ሲገደፍ 1 ይተርፋል። አሁን 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያልን እጥፎቹን ሁሉ በተጠርጣሪው ብንገድፋቸው፣ ትርፎቹ በ31 እርምጃ ዞረው 1 ላይ ይመጣሉ። ከ31 ባነሰ እርምጃ መመለስ አይችሉም፣ 31 ራሱ ብቸኛ ነውና። ከኦይለር መቶ ዓመት በፊት ፈርማ ያገኘው ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት፣ የዙሩ ርዝመት ከተጠርጣሪው አንድ ሲቀነስ የሚገኘውን ቁጥር ያለ ቀሪ ማካፈል አለበት። ስለዚህ ከተጠርጣሪው አንድ ስንቀንስ የሚመጣው በ31 ይካፈላል። ተጠርጣሪው ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ደግሞ በ2ም ይካፈላል። እንግዲህ ተጠርጣሪው በ62 ሲገደፍ 1 የሚተርፈው መሆን አለበት። ሌላው ሁሉ ነጻ ወጣ። 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 ገና ሳይሞከሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በዚህ አላበቃም። 2³² የ2³¹ እጥፍ ስለሆነ በተጠርጣሪው ሲገደፍ 2 ይተርፈዋል። 2³² ግን 65,536 በራሱ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ስለዚህ በዚህ የትርፍ ዓለም ውስጥ 2 አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ የሚሰጠው ውጤት ነው። ይህ የሚሆነው ደግሞ ተጠርጣሪው በ8 ሲገደፍ 1 ወይም 7 ከተረፈው ብቻ ነው። ሁለቱን ማጣሪያ አንድ ላይ ብታደርጉ፣ ተጠርጣሪው በ248 ሲገደፍ ወይ 1 ወይ 63 የሚተርፈው ብቸኛ ቁጥር ሆኖ ይገኛል።

ከ4,792ቱ ውስጥ ይህን የሚያሟሉት ከመቶ በታች ናቸው። የመጀመሪያው 311 ነው። ቀጣዩ 1,303 ነው። በመካከል ማንም የለም። ወረቀት ያለው ይሞክረው፦ 2,147,483,647 ለ311 ሲካፈል 6,905,092 ይደርሳል፣ 35 ይተርፋል። 311 ነጻ ነው። የቀሩትም እንደዚሁ ተፈትነው አንዱም አላካፈለም። ቁጥሩ ብቸኛ ሆነ።

እኔ ይህን ማረጋገጫ ስከተል ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ጉልበት አይደለም ያሸነፈው። ቁጥሩን ገና ሳይነኩት ስለ አካፋዮቹ ማወቅ መቻሉ ነው። ስለሌለ ነገር እንዲህ በዝርዝር መናገር፣ “ቢኖር ኖሮ መልኩ ይህንና ይህን ይመስል ነበር” ብሎ ከዚያ አለመኖሩን ማሳየት፣ ለእኔ ከሒሳብ ውበቶች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። 6ን እዩት። የሚያካፍሉት ከራሱ በታች ያሉት ቁጥሮች 1፣ 2 እና 3 ናቸው። ስትደምሯቸው 6። 28ም እንዲሁ ነው፦ 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14 ሲደመሩ 28። እንዲህ ያሉት ፍጹም ቁጥሮች ይባላሉ። ኤውክሊድ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት አንድ መንገድ አሳይቷል፦ 2³¹ − 1ን የመሰለ ብቸኛ ቁጥር ካገኛችሁ፣ በአንድ ደረጃ ዝቅ ባለው የ2 እጥፍ አባዙት፣ ፍጹም ቁጥር ይወጣል። በእኛ ቁጥር ይህ 2,305,843,008,139,952,128 ይሆናል። አሥራ ዘጠኝ አሃዝ ነው። ከትንሹ ሲቆጠር ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር ነው።

እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው በ1811 ስለዚህ ፍጹም ቁጥር ሲጽፍ፣ ከዚህ የሚበልጥ ወደፊትም አይገኝም የሚል ሐሳብ አቀረበ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ለማወቅ ያህል ደስ የሚሉ እንጂ ጥቅም የሌላቸው ስለሆኑ፣ ማንም ደክሞ አይፈልጋቸውም የሚል ነው። በ1876 ፈረንሳዊው ሉካስ 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ መሆኑን አሳየ። ሠላሳ ዘጠኝ አሃዝ ያለው ነው። ዛሬ እስከምናውቀው ትልቁ ብቸኛ ቁጥር የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው። በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ሉክ ዱራንት የተባለ ሰው ያገኘው ሲሆን ከ41 ሚሊዮን በላይ አሃዝ አለው። ባርሎው የሰውን ልጅ ጉጉት አሳንሶ አየው። ስለ ጥቅሙም የተናገረው ብዙ አልቆየም።

ወደ ጥቅሙ ልሂድ። ኮምፒውተር ዕጣ ሲያወጣ፣ ጌም ካርታ ሲበውዝ፣ ተመራማሪ የትራፊክ ፍሰት በሞዴል ሲያስመስል፣ የዘፈቀደ ቁጥር ያስፈልጋል። ኮምፒውተር ግን በዘፈቀደ የሚሠራው ነገር የለውም። የታዘዘውን ብቻ ነው የሚያደርገው። ስለዚህ ዘፈቀደ የሚመስል ነገር በስሌት መፍጠር ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ሌመር በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንድ ቀላል ዘዴ አቀረበ። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ፓርክና ሚለር በ1988 ለሁሉም ሰው መነሻ ይሁን ብለው ያቀረቡት ቀመር ይህ ነው፦ ቁጥር ያዝ፣ በ16,807 አባዛ፣ በ2,147,483,647 ግደፍ፣ ትርፉን ውሰድ። ትርፉን እንደገና በ16,807 አባዛና ግደፍ። በቃ።

ከ1 ብትጀምሩ ቀጣዩ 16,807 ነው። ከዚያ 282,475,249። ከዚያ 1,622,650,073። ከዚያ 984,943,658። ወዴት እንደሚዘል በዓይን ማወቅ አይቻልም። ቁጥራችን ብቸኛ ስለሆነ፣ 16,807ም (7 አምስት ጊዜ ሲባዛ ነው) በጥንቃቄ ስለተመረጠ፣ ይህ ጉዞ ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉትን ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ይጎበኛል። አንዱንም ሳይዘል፣ አንዱንም ሳይደግም። ከዚያ ተመልሶ 1 ላይ ያርፋል። ለባንክ ምስጢር ቁልፍ አይሆንም፣ አንዱን ያወቀ ቀጣዩን ማስላት ይችላልና። ለብዙ ሥራ ግን ዘመናትን አገልግሏል።

አሁን ከላይ ወደ ጻፍኩት አበቅቴ ተመለሱ። ወንበሩን በ11 አባዛ፣ በ30 ግደፍ፣ ትርፉን ያዝ። ቀመሩ የትኛው እንደሆነ ስሙን ሸፍናችሁ ብታነቡት አካሄዱ አንድ ነው። አንዱ የጨረቃን ዕድሜ ይከተላል፣ ሌላው ማንም እንዳይከተለው ሆኖ ይሮጣል። መሣሪያው ግን አንድ ነው። ይህን ለአጎቴ በስልክ ሳስረዳቸው ጥቂት ዝም አሉና “ታዲያ ዙሩ ስንት ዓመት ነው?” ብለው ጠየቁኝ። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው። ባሕረ ሐሳብ ውስጥ ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነው፣ 19 ሲባዛ በ28። የዚህኛው ዙር ከሁለት ቢሊዮን በላይ ነው። አጎቴ ፕሮግራም ጽፈው አያውቁም፣ ግን የፕሮግራሙን ልብ በአንድ ጥያቄ ነኩት። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩ ልጆቻችን ስለ ቀሪ ሒሳብ ሲማሩ ባሕረ ሐሳብን እንደ ምሳሌ የሚያቀርብላቸው መምህር ቢኖር ምንኛ ደስ ባለኝ። በአገራቸው ቋንቋ፣ በአገራቸው ስሌት፣ በየዓመቱ ፋሲካን የሚያወጣላቸው ነገር ነው።

ቁጥሩ እዚህ ሥራ ላይ የተመረጠበት ሌላም ምክንያት አለ። ብዙ ኮምፒውተሮች ለአንድ ቁጥር 32 ቢት፣ ማለትም ዜሮ ወይም አንድ የሚጻፍባቸው 32 ቦታዎች፣ ይመድቡ ነበር። አንዱ ቢት ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው ወይስ በላይ የሚለውን ይይዛል። 31 ይቀራሉ። ሠላሳ አንዱም በአንድ ሲሞሉ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ስለዚህ በዚያ ቤት ውስጥ ይህ ቁጥር ጣሪያ ነው። ጣሪያውና ብቸኛው ቁጥር አንድ ሆነው መገጣጠማቸው የግድ አልነበረም። በ16 ቢት ቤት ጣሪያው 32,767 ነው፣ እሱ ደግሞ 7 በ31 በ151 ነው። በ64 ቢት ቤት ጣሪያው 9,223,372,036,854,775,807 ነው፣ እሱም በ7 ይካፈላል። በ32 ቢቱ ቤት ግን ጣሪያው ራሱ ብቸኛ ሆነ። ፕሮግራመሮች ይህን እንደ ስጦታ ነው የተቀበሉት።

ጣሪያ ግን ጣሪያ ነው። 2,147,483,647 ላይ አንድ ብትጨምሩ ብዙ ኮምፒውተሮች 2,147,483,648 አይሉም። ከዜሮ በታች ወደ −2,147,483,648 ይወርዳሉ። የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ 999,999 ሞልቶ ወደ ዜሮ እንደሚዞረው ነው። ልዩነቱ፣ ይህ ወደ ዜሮ ሳይሆን ወደ ዕዳ መዞሩ ነው።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ገንዘብ በሳንቲም እየተቆጠረ የሚቀመጥበት ሲስተም ነበር። ሳንቲም መጠቀሙ ጥሩ ልማድ ነው፣ የነጥብ ጣጣ አያመጣም። ቦታው ግን 32 ቢት ነበር። 2,147,483,647 ሳንቲም ማለት 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ነው። ሲስተሙ ሲሠራ ይህ የማይደረስበት ገንዘብ ይመስል ነበር። ብሩ ዋጋው እየወረደ፣ ዕቃውና ቤቱ እየተወደደ ሲሄድ አንድ ቀን ድምሩ ከጣሪያው አለፈ። ሪፖርቱ ላይ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ወጣ። የሒሳብ ክፍሏ ሠራተኛ ደንግጣ ነበር። እንዲህ ያለ ሲስተም የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ከፍታችሁ እዩት። አሁን ባለው የቤትና የመኪና ዋጋ ሃያ አንድ ሚሊዮን ብር ሩቅ አይደለም።

ትልልቆቹም አላመለጡም። ዩቲዩብ በዲሴምበር 2014 እ.ኤ.አ. አንድ የኮሪያ ዘፈን የታየበት ብዛት ወደዚህ ጣሪያ ሲጠጋ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት እንዳሳደገ አስታወቀ። በ2015 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ስለ ቦይንግ 787 መመሪያ አወጣ። አውሮፕላኑ ኃይል ሳይቋረጥበት 248 ቀን ከቆየ፣ ጄኔሬተሮቹን የሚቆጣጠሩት መሣሪያዎች ውስጥ ያለው የሶፍትዌር ቆጣሪ ሞልቶ ኤሌክትሪክ ሊቋረጥ እንደሚችል በላቦራቶሪ ሙከራ ታይቷል። መፍትሔው በየጊዜው ማጥፋትና ማስነሳት ነበር። 2,147,483,648ን የሰከንድ መቶኛ አድርጋችሁ ወደ ቀን ቀይሩት። 248 ቀን ተኩል ገደማ ይወጣል። ይህን አውሮፕላን (ድሪምላይነርን) በአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው በ2012 የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስለሆነ፣ ዜናውን ያነበብኩት በተለየ ትኩረት ነበር።

ከሁሉም ይበልጥ የሚታወቀው ግን የጊዜ ጉዳይ ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት በሰከንድ ነው። መነሻቸው ጃንዋሪ 1፣ 1970 ነው፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.። ሰከንዱን በ32 ቢት የሚይዙት ማሽኖች ጣሪያው ላይ የሚደርሱት ከ68 ዓመት ከ18 ቀን ከጥቂት ሰዓት በኋላ ነው። ቀኑ ጃንዋሪ 19፣ 2038 ነው። በግሪንዊች ከሌሊቱ 3፡14፡07። ከዚያች ሰከንድ በኋላ ያልተስተካከለ ማሽን ወደ 1901 እ.ኤ.አ. ይመለሳል።

ይህን ቀን በእኛ አቆጣጠር መጀመሪያ ስቀይረው ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ጥር 11 ቀን 2030 ነው። ጥምቀት! ሰዓቱ በእኛ ንጋት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው።

ዕለቱን በአጎቴ መንገድ እናውጣው። 5,500 ላይ 2,030 ስንደምር ዓመተ ዓለሙ 7,530 ይሆናል። በ4 ሲገደፍ 2 ይተርፋል፣ ዘመነ ማርቆስ ነው። ድርሻው 1,882 መጠነ ራብዒት ነው። 7,530 እና 1,882 ሲደመሩ 9,412። በ7 ሲገደፍ 4 ይተርፋል። ከማክሰኞ ጀምረን ስንቆጥር አራተኛው ዓርብ ነው። መስከረም 1 ዓርብ ዋለ። ከዚያ እስከ ጥር 11 130 ቀን ነው። በ7 ሲገደፍ 4። ከዓርብ አራት ቀን ስንሄድ ማክሰኞ። የፈረንጁን ካላንደር ክፈቱ፦ ጃንዋሪ 19፣ 2038 ማክሰኞ ነው።

አብዛኞቹ አዳዲስ ስልኮችና ሰርቨሮች ጊዜን በ64 ቢት ስለሚይዙ ያን ቀን ምንም አይሆኑም። ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓትም ለ32 ቢት ማሽኖች የሚሆነውን ማስተካከያ በ2020 እ.ኤ.አ. አጠናቋል። እኔን የሚያሳስቡኝ ተገጥመው የተረሱ ዕቃዎች ናቸው። የጄኔሬተር መቆጣጠሪያ፣ የበር መክፈቻ ሲስተም፣ የሆስፒታል መሣሪያ፣ አንድ ሰው ጽፎት የሄደ የደመወዝ ፕሮግራም። በእኛ አገር ዕቃ እስኪሞት ነው የሚሠራው። ያ ቀን ደግሞ በዓል ነው፣ የአይቲ ሠራተኛ ጃንሜዳ ነው የሚገኘው። ስለዚህ የሚመለከተው ሁሉ ከወዲሁ ይፈትሽ። ሰዓቱን ወደዚያ ቀን አስጠግቶ መሞከር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። 5 ብቸኛ ነው። 2⁵ − 1፣ ማለትም 31፣ ብቸኛ ነው። 2³¹ − 1ም ብቸኛ ነው። ታዲያ 2ን 2,147,483,647 ጊዜ አባዝተን አንድ ብንቀንስስ? ከ646 ሚሊዮን በላይ አሃዝ ያለው ቁጥር ነው የሚወጣው። ሰንሰለቱ እንዲቀጥል የማይመኝ የለም። ግን እዚህ ተበጠሰ። 295,257,526,626,031 ያለ ቀሪ ያካፍለዋል። ኦይለር ተጠርጣሪዎቹን ያጣራበት ሕግ እዚህም ይሠራል፦ አካፋዩ በ2,147,483,647 ሲገደፍ 1 መትረፍ አለበት። 137,490ን በ2,147,483,647 አባዙና አንድ ጨምሩበት፣ በትክክል ይኸው ቁጥር ይወጣል። ከ2 የሚጀምረው ሌላው ሰንሰለት ግን 3፣ 7፣ 127 ብሎ እስከ ሉካስ ቁጥር ድረስ ሳይበጠስ መጥቷል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ከመጠን በላይ ትልቅ ስለሆነ ብቸኛ ይሁን አይሁን የሚለይበት መንገድ የለም። ሰዎች እንደ ኦይለር ተጠርጣሪዎችን አንድ በአንድ እየገደፉ ይፈልጋሉ። እስካሁን አንድም አካፋይ አልተገኘለትም።